ሳጥንም ይነበባል
የመጀመሪያዋን መጫወቻ ሄሊኮፕተር ስለ መምረጥ

አንድ የቦሩ ሜዳ ገበሬ ሰኞ ዕለት አንድ በግ ነድተው ደሴ ሄዱ። በጉን ሰኞ ገበያ ሸጡት። ከገንዘቡ ጨውና ዘይት ገዙ። የቀረውን ይዘው ወደ ፒያሳ ሄዱና ለልጃቸው መጫወቻ ሄሊኮፕተር ገዙለት።

ገንዘቡ ለመጫወቻ ብዙ ነው። ቢሆንም አባትየው ያለ ምክንያት አላደረጉትም። ልጃቸው ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ከብት ሲጠብቅ ከጭቃ ሄሊኮፕተር ይሠራል። ከአሮጌ ቆርቆሮ ክንፍ ቆርጦ ይሰካበትና በነፋስ ያሽከረክረዋል። «እኔ በጊዜው ሳልማር ቀረሁ። ይህ ልጅ ግን እጁ ነገር ያውቃል። አንድ ቀን ሞተር የሚፈታና የሚገጥም ሰው ይሆን ይሆናል» ብለው አሰቡ። በጉ የተሸጠው በዚህ ተስፋ ነው።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ሁሉ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ልጁ ሪሞቱን ያዘ። ማንሻውን ወደ ላይ ገፋ አደረገው። ሄሊኮፕተሯ ጮኸች፤ ተነሳች፤ ዘንበል አለች። ነፋሱ ገፋትና ከድንጋይ ካብ ጋር አላተማት። ክንፏ ተሰበረ፤ ጭራዋ ታጠፈ። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አልሞላውም። ልጁ ከጎተራው ጀርባ ገብቶ አለቀሰ። አባቱም «ተታለልኩ» አሉ።

እኔ ለማስተማር ወደ ቦሩ ሜዳ የተላክሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። እኚህ አባት ማታ ማታ ፊደልና ቁጥር ከሚማሩት አንዱ ናቸው። ያን ዕለት ማታ ባዶውን ሳጥን ይዘው መጡ።

«መምህር፣ እስቲ ይሄን እየው። የተበላሸ ዕቃ ነው የሸጡልኝ» አሉኝ።

ሳጥኑን አገላብጬ አየሁት። ዕቃው የተበላሸ አልነበረም። ለጀማሪ ያልተሠራ ዕቃ ነበር። ይህም ሳጥኑ ላይ ተጽፏል። በአንድ በኩል 14 የሚል ቁጥርና የመደመር ምልክት አለ። ይህም «ዕድሜው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ» ማለት ነው። በሌላ በኩል 6 የሚል ቁጥር አለ። ትርጉሙን ወደ ኋላ እናየዋለን።

«አባቴ፣ ይህን ቁጥር ያውቁታል?» አልኳቸው።

«እንዴታ! ዐሥራ አራት ነዋ። ራስህ አይደል ያስተማርከኝ?»

«ታዲያ ሲገዙ አላዩትም?»

ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ማንበብ ለደብዳቤና ለደረሰኝ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሳጥንም ይነበባል» አሉ።

ይህ ትምህርት የተጻፈው በዚያ ቃል ምክንያት ነው። የሳጥኑ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በውጭ ቋንቋ ነው። ቁጥሩ ግን እኛ የተማርነው ቁጥር ነው። ቁጥሩን ያነበበና ትርጉሙን ያወቀ ሰው ገንዘቡን በከንቱ አያጠፋም።

1. ሄሊኮፕተር ምንድን ነው?

ሄሊኮፕተር ለአገራችን ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። አውሮፕላን ለመነሳትና ለማረፍ ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ለጥ ያለ ሜዳ ስላለ ነው። ሄሊኮፕተር ግን አውድማ የሚያህል ቦታ ይበቃዋል። ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ አየር ላይም ባለበት መቆም ይችላል።

ትልልቆቹ በ1977 ዓ.ም. የነበረውን ረሃብ ያስታውሳሉ። በዚያን ጊዜ በሰሜኑ የአገራችን ደጋ መኪና የማይደርስበት ብዙ ቦታ ነበር። የእንግሊዝ አየር ኃይል ትልልቅ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል በጆንያ ይጥሉ ነበር። ከፖላንድ የመጡ ሄሊኮፕተሮች ደግሞ ቀድመው ያርፉና እህሉ የሚወድቅበትን ቦታ ያዘጋጁ ነበር። ሄሊኮፕተር የተመረጠው በገደልና በተራራ መካከል ማረፍ ስለሚችል ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በመጣ ጊዜም አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር መድኃኒት ረጭተዋል።

መጫወቻዋ የዚያ ትልቅ ሄሊኮፕተር ታናሽ እህት ናት። የምታንሰው በመጠን ነው፤ የምትበርበት ሕግ ግን ያው ነው። ስለዚህ መጫወቻዋን በደንብ ያጠና ልጅ ስለ ትልቁም ብዙ ያውቃል።

2. እንዴት ትበራለች?

ሐይቅ ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው አይታችኋል። ሰውየው ውሃውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ታንኳው ወደ ፊት ይሄዳል። ሄሊኮፕተርም እንዲሁ ናት። ከላይ ያለው ክንፏ ዘንበል ብሎ የተገጠመ ነው። ሲሽከረከር አየሩን ወደ ታች ይገፋል፤ እሷ ወደ ላይ ትነሳለች። ይህን በሰፌድ ሞክሩት። ሰፌዱን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ በኃይል ወደ ታች ብታወርዱት መሬት ላይ ያለው ገለባ ይበተናል። እጃችሁም ወደ ላይ ሲገፋ ይሰማችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ክንፉ ወደ ቀኝ ሲሽከረከር የሄሊኮፕተሯ አካል ወደ ግራ መዞር ይፈልጋል። ጭቃ ላይ የቆመ ሰው ከባድ በር ሲገፋ እግሩ ወደ ኋላ እንደሚንሸራተት ማለት ነው። ይህ ካልታረመ ሄሊኮፕተሯ እንደ እንዝርት ትሾራለች እንጂ አትበርም።

መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጭራዋ ላይ ወደ ጎን የሚገፋ ትንሽ ክንፍ መግጠም ነው። ሁለተኛው ከላይ ሁለት ክንፍ፣ አንዱን ከአንዱ በላይ ማድረግ ነው። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ይሽከረከራል። ጉልበታቸው እኩል የሆነ ሁለት በሬዎች አንድ ገመድ ወዲያና ወዲህ ቢጎትቱ ገመዱ ካለበት አይነቃነቅም። ሁለቱ ክንፎችም እንደዚሁ ይተካከላሉና ሄሊኮፕተሯ ረግታ ትቆማለች። ይህን ነገር በደንብ ያዙት፤ ለምርጫችን ዋናው እሱ ነው።

3. ሦስቱ ዓይነቶች

በገበያ ላይ ያሉት ሪሞት ያላቸው መጫወቻ ሄሊኮፕተሮች በሦስት ይከፈላሉ።

ሀ. ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ ትንሿ። ርዝመቷ አንድ ስንዝር ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ነው። በጣም ቀላል ናት። ማንሻውን ከለቀቃችሁ ዝም ብላ ትወርዳለች። ብትወድቅም ቀላል ስለሆነች ብዙ አትጎዳም።

ለ. ባለ አንድ ክንፍ፣ ጭራዋ ላይ ትንሽ ክንፍ ያላት። ይህቺ ወደ ጎንም ትሄዳለች። ፈጣን ናት፤ ለማብረር ግን ልምድ ትጠይቃለች።

ሐ. ባለ አንድ ክንፍ ሆና፣ እየበረረች የክንፏን ዝንባሌ የምትለዋውጥ። ይህቺ ተገልብጣ እንኳ መብረር ትችላለች። ዋጋዋም ውድ ነው፤ ጀማሪ እጅ ላይም አንድ ደቂቃ አትቆይም። እኚያ አባት የገዙት ይህችን ነበር።

ማረስ ለሚማር ልጅ ያልተገራ ወይፈን አይጠመድለትም። የለመደ፣ ረጋ ያለ በሬ ይጠመድለታል። ልጁ ሲሳሳት በሬው ይታገሠዋል። ለጀማሪም «ሀ» የተባለችው የለመደ በሬ ናት። «ትልቅ ናት፣ ውድ ናት፣ ስለዚህ ጥሩ ናት» የሚለው ሐሳብ እዚህ አይሠራም።

አሁን ደግሞ ባለ አራት ክንፍ ትንንሽ መጫወቻዎችም አሉ። ካሜራ የሌላቸውና መዳፍ የሚያህሉት ለጀማሪ መጥፎ አይደሉም። ካሜራ ያለው ድሮን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለ እሱ በቁጥር 7 እንናገራለን።

4. ስንገዛ ምን እናያለን?

በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ያያል፤ ሰኮናውን ያነሳል፤ ያስኬደዋል። መጫወቻም እንዲሁ ይታያል።

አንደኛ፣ የክንፉን ብዛት እዩ። ከላይ ድርብ ነው ወይስ ነጠላ? ድርብ ይሁን።

ሁለተኛ፣ የትእዛዙን ቁጥር እዩ። ነጋዴዎቹ «ቻናል» ይሉታል። ቻናል ማለት ሪሞቱ ስንት ዓይነት ትእዛዝ ይሰጣል ማለት ነው። 2 ከሆነ መነሳትና መውረድ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ መዞር ብቻ ነው። 3 ከሆነ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄድ ይጨመራል። 4 ከሆነ ወደ ጎን መንሸራተትም አለ። 6 ከሆነ የክንፉ ዝንባሌም በትእዛዝ ይለዋወጣል። ለጀማሪ 3 ይበቃል። «3.5» የሚል ካያችሁ እንደ 3 ቁጠሩት። ለግማሹ ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩ።

ሦስተኛ፣ ዕድሜውን እዩ። ቁጥሩ ከልጁ ዕድሜ በላይ ከሆነ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። በአንዳንድ ትንንሾቹ ላይም 14 ተብሎ ይጻፋል። እንደዚያ ከሆነ ትልቅ ሰው ከልጁ ጋር አብሮ ይቀመጥ።

አራተኛ፣ ሪሞቱ በምን እንደሚያዝዝ እዩ። ሳጥኑ ላይ 2.4 የሚል ካለ በራዲዮ ሞገድ ነው። ይህ ራቅ ብሎ ይሰማል፤ ፀሐይም አያውከውም። በኢንፍራሬድ የሚሠራው ግን እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት ዓይን በማታየው ብርሃን ነው። እርቀቱ ዐሥር ሜትር ገደማ ነው፤ ብርቱ ፀሐይ ካለ ትእዛዙ አይሰማም። ዋጋው ግን ረከስ ይላል። ቤት ውስጥ ብቻ ለሚማር ሰው ይበቃዋል። ሁለት ልጆች አንድ ቤት ውስጥ የሚያበሩ ከሆነ የሪሞቶቹ ምልክት የተለያየ ይሁን። አለዚያ የአንዱን ትእዛዝ የሌላው ትሰማለች።

አምስተኛ፣ «ጋይሮ አላት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጋይሮ ማለት ሄሊኮፕተሯ ሳትታዘዝ ስትዞር የሚያውቅና የሚያርም ትንሽ መሣሪያ ነው። ጋይሮ የሌላት አትገዛ።

ስድስተኛ፣ መለዋወጫ ጠይቁ። ክንፍ መሰበሩ አይቀርም። ሳጥኑ ውስጥ ትርፍ ክንፍ አለ ወይ? ሱቁስ ለብቻው ይሸጣል ወይ? አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የላይኛውና የታችኛው ክንፍ አንድ አይደሉም። በተቃራኒ ስለሚሽከረከሩ ዝንባሌያቸውም ተቃራኒ ነው። ስትቀይሩ የላዩን በላይ፣ የታቹን በታች ግጠሙ። ብትሳሳቱ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አትነሳም።

ሰባተኛ፣ ሪሞቱ ስንት ባትሪ ድንጋይ እንደሚበላ እዩ። አንዳንዱ 2፣ አንዳንዱ 4፣ አንዳንዱም 6 ይፈልጋል። ባትሪ ድንጋይ ደግሞ ያልቃል። የሄሊኮፕተሯን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የባትሪ ድንጋዩንም ዋጋ ደምሩ። ላም የሚገዛ ሰው ስለ መኖውም ያስባል።

በመጨረሻ፣ «አንድ ጊዜ አስነስተህ አሳየኝ» በሉ። ባለ ሱቁ እሺ ካላለ ሌላ ሱቅ አለ።

5. ደጋና ነፋስ

ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ታላቅ ጉባኤ የተካሄደበት ሰፊ ሜዳ ነው። ለሕዝብ ጉባኤ ጥሩ የሆነው ሜዳ ለትንሽ ሄሊኮፕተር ግን ክፉ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ነፋስ ነው። ትንሿ ሄሊኮፕተር ከአንድ እንቁላል ክብደት ብዙም አትበልጥም። ሜዳ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነፍሰው ነፋስ እንደ ገለባ ይወስዳታል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ትብረር። ውጭ ማብረር ግድ ከሆነ ማለዳ፣ ጭስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ይሁን። ጭሱ ከተጋደመ ሳጥኗ ውስጥ ትቆይ።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥተን፣ ደሴን አልፈን ቦሩ ሜዳ ስንደርስ ከ2,500 ሜትር በላይ እንሆናለን። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ባቄላ ደጋ ላይ ቶሎ የማይበስለው አየሩ ስስ በመሆኑ ነው፤ ውሃው በደንብ ሳይግል ቀድሞ ይፈላል። በእኛ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ገደማ ይሳሳል።

ሄሊኮፕተር የምትነሳው አየር ገፍታ ነው። የሚገፋው አየር ስስ ከሆነ ክንፏ የበለጠ መድከም አለበት። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ «8 ደቂቃ ትበራለች» ቢል እኛ ዘንድ ከዚያ ሊያንስ ይችላል። ይህ የዕቃው ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ሸክም የበዛባት ሄሊኮፕተር ለደጋ አትሆንም። ካሜራ፣ ውኃ የሚረጭ ዕቃ፣ ብዙ መብራት የተጫነባትን ተዉአት። ባዶዋና ቀላሏ ትሻላለች። ትልልቆቹን ሄሊኮፕተሮች የሚያበሩ ሰዎችም ወደ ደጋ ሲወጡ ጭነት የሚቀንሱት በዚሁ ምክንያት ነው።

6. ባትሪው

ሄሊኮፕተሯ ውስጥ ያለው ባትሪ ሊቲየም ይባላል። ብዙውን ጊዜ 3.7 ቮልት የሚል ቁጥር አለበት። ሲሞላ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የምትበረው ግን ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ነው። ልጁ ይህን ቀድሞ ይወቅ፤ አለዚያ «ተበላሸች» ብሎ ያዝናል።

መብራት የሌለበት ቤት ስልክ በሚሞላ የሶላር ፋኖስ መሙላት ይቻላል። የሄሊኮፕተሯ ገመድ ከስልክ መሙያ ቀዳዳ ጋር የሚገጥም መሆኑን ስትገዙ እዩ። ከሪሞቱ ብቻ የምትሞላ ከሆነ ባትሪ ድንጋዩን ቶሎ ትጨርሰዋለች።

ሊቲየም ባትሪ ጠቃሚ ቢሆንም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ፦

ሀ. በርራ ስትወርድ ወዲያው አትሙሏት። ዐሥር ደቂቃ ትቀዝቅዝ።
ለ. አልጋ፣ ገለባ ወይም ምድጃ አጠገብ አትሙሏት። ድንጋይ ወይም ሊጥ ያልነካው ምጣድ ላይ አድርጓት።
ሐ. እየሞላች ጥላችሁ አትውጡ፤ አትተኙም።
መ. ባትሪው ካበጠ ወይም ከተቀደደ አትጠቀሙበት። እሳት ውስጥም አትጣሉት።

7. የመጀመሪያው ቀን

በዓለም ላይ ዛሬ የምናየውን ዓይነት ሄሊኮፕተር፣ ከላይ አንድ ትልቅ ክንፍ፣ ጭራው ላይ ትንሽ ክንፍ ያለውን፣ ከሠሩት አንዱ ኢጎር ሲኮርስኪ የሚባል ሰው ነው። በዚያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው በኪየቭ ተወልዶ አሜሪካ የኖረ መሐንዲስ ነበር። በመስከረም 1932 ዓ.ም. ሄሊኮፕተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሳ ከመሬት ጋር በገመድ አስሮት ነበር። ሳይታሰር የበረረው ከስምንት ወር በኋላ በግንቦት ነው። እንግዲህ የሠራው ሰው እንኳ በመጀመሪያው ቀን ከፍ ልበል አላለም። እኛም እንደሱ በዝግታ እንጀምር። የመጫወቻዋን ግን በገመድ አትሰሯት፤ ገመዱ ክንፏ ላይ ይጠመጠማል።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

ቤቱን ባዶ አድርጉ። መሬቱ ላይ ሰሌን ወይም ጀንዲ አንጥፉ። ሕፃናትና ዶሮዎች ይውጡ። ሄሊኮፕተሯን ጭራዋ ወደ እናንተ፣ አፍንጫዋ ወደ ፊት አድርጋችሁ አስቀምጡ። እንዲህ ከሆነ የእሷ ቀኝ የእናንተ ቀኝ ይሆናል። ፊቷን ወደ እናንተ ካዞረች ግን ቀኝና ግራ ይገለበጣሉ፤ ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው።

ማንሻው ወደ ታች መሆኑን አረጋግጣችሁ አብሩ። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ግፉት። ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ ትንቀጠቀጣለች። ወደ ታች የገፋችው አየር ከመሬት ተመልሶ ስለሚያናውጣት ነው። አትፍሩ፤ ጉልበት እስኪደርስ ከፍ አድርጓት፤ እዚያ ትረጋለች። ሳታዟት ወደ አንድ በኩል ከዞረች ሪሞቱ ላይ ትንሽ ማስተካከያ ቁልፍ አለ። በተቃራኒው በኩል ነካ ነካ አድርጉት።

ግድግዳ ወይም ሌላ ነገር ከነካች ወዲያው ማንሻውን ወደ ታች ልቀቁ። ክንፉ ተይዞ ሳለ ሞተሩ ከዞረ ይቃጠላል። ብዙ ሰው የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ስትወድቅ ደንግጦ ማንሻውን የባሰ ይገፋዋል። እጃችሁ መጀመሪያ የሚለምደው መልቀቅን ይሁን።

ባለችበት መቆም እስክትችል ሌላ ነገር አትሞክሩ። ቀጥሎ መዞር፣ ቀጥሎ ወደ ፊት መሄድ፣ በመጨረሻም በተመረጠ ቦታ ላይ ማሳረፍ ይመጣል።

ስለ ጥንቃቄ። የሚሽከረከር ክንፍ ዓይን ያጠፋል። በፊት ቁመት ላይ አታብሩ፤ የሴት ልጅ ጸጉርም ክንፉ ውስጥ እንዳይገባ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለዓይን ሕክምና ሰው ከሩቅ የሚመጣበት ነው። እኛ ግን ከመታከም መጠንቀቅ ይሻለናል።

ሌላም ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ መጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህም በክልላችን በሰማይ የሚጮህ ነገር ሲሰማ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። ለእኛ ጨዋታ የሆነው ለጎረቤት ድንጋጤ እንዳይሆን። መጫወቻዋን በሰው ቤት፣ በመንገድ፣ በገበያ ወይም የታጠቀ ሰው ባለበት አካባቢ አታስነሱ። ካሜራ ያለው ድሮን ደግሞ ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ያለ ፈቃድ ከተገኘ ይወረሳል፤ ባለቤቱም ይጠየቃል። ለልጅ የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

8. ሁለተኛው ሳጥን

እኚያ አባት ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ደሴ ሄዱ። በዚህ ጊዜ ልጃቸውን ይዘው ነበር። በግ አልሸጡም፤ የዕንቁላልና የቅቤ ገንዘብ ነበር የያዙት። ባለ ሱቁ መጀመሪያ ትልቋን አወጣላቸው። ሳጥኑን ወደ ብርሃን አዙረው አነበቡ።

«ይህ 14 ነው፤ ልጄ 12 ነው። ይሄኛው ደግሞ 6 ይላል። እኔ የምፈልገው 3 ነው። ክንፏ ድርብ የሆነ ትንሽ የለህም?» አሉት።

ባለ ሱቁ ቀና ብሎ አያቸውና ከላይኛው መደርደሪያ ትንሿን አወረደላቸው። ዋጋዋ የፊተኛዋን ግማሽ አይሞላም ነበር። ትርፍ ክንፍ ጠየቁ፤ ሰጣቸው። አስነስተህ አሳየኝ አሉት፤ አሳያቸው።

ያን ዕለት ማታ እኔም ቤታቸው ነበርኩ። ሄሊኮፕተሯ እስከ ልጁ ጉልበት ተነሳች፤ ተንቀጠቀጠች፤ ጀንዲው ላይ ወደቀች። ምንም አልሆነችም። ልጁ እንደገና አስነሳት። በአምስተኛው ጊዜ አንድ እስከ ሃያ እስክንቆጥር ድረስ ባለችበት ቆመች። የቆጠሩት አባቱ ናቸው።

የተሰበረችውም አልተጣለችም። ልጁ ፈትቶ ሞተሯንና ጥርሶቿን አውጥቶ በጣሳ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። የትኛው የትኛውን እንደሚያዞር በደብተሩ ላይ ሥሏል።

አስቸጋሪ ቃላት

ሪሞት፦ ከሩቅ ሆኖ ማዘዣ።
ቻናል፦ ሪሞቱ የሚሰጠው የትእዛዝ ዓይነት።
ጋይሮ፦ ያልታዘዘ መዞርን የሚያርም መሣሪያ።
ኢንፍራሬድ፦ ዓይን የማያየው ብርሃን።
ሊቲየም፦ በቀላል ባትሪ ውስጥ የሚገኝ ማዕድን።
የባሕር ጠለል፦ የቦታ ከፍታ የሚለካበት መነሻ።

ጥያቄዎች

1. አባትየው መጀመሪያ የገዟት ሄሊኮፕተር ለምን ተሰበረች? ሁለት ምክንያት ስጡ።
2. ሁለት ክንፍ አንዱ ከአንዱ በላይ ሲሆን ሄሊኮፕተሯ ለምን አትሾርም?
3. ኮምቦልቻ ላይ 8 ደቂቃ የምትበር ሄሊኮፕተር ቦሩ ሜዳ ላይ ለምን ከዚያ ልታንስ ትችላለች?
4. አንዱ በረራ 7 ደቂቃ ቢሆንና ባትሪው በቀን 3 ጊዜ ቢሞላ፣ ልጁ በቀን ስንት ደቂቃ ያበራል?
5. አንድ ሪሞት 6 ባትሪ ድንጋይ ይፈልጋል። በወር ሁለት ጊዜ ቢቀየር በወር ስንት ባትሪ ድንጋይ ያልቃል? በሰፈራችሁ ባለው ዋጋ አስሉት።
6. በቤታችሁ ካሉት ዕቃዎች መካከል ቁጥር የተጻፈበትን አንድ ዕቃ ፈልጉ። የመድኃኒት፣ የማዳበሪያ ወይም የፋኖስ ሳጥን ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ተወያዩ።